ክትሩ ለምን ፈረሰ?

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ጓሳ ሣር አጨዳ ጽፈን ነበር። ለዚህ ሳምንት ደግሞ ስለ ክትር እንጽፋለን ብለን ቃል ገብተናል። ቃል ቃል ነው፤ እንጽፋለን። ግን ደስ እያለን አይደለም። የምንጽፈው ስለ ፈረሰ ክትር ነው። የሠራነውም እኛው ነን።

ይህን ገጽ ዛሬ ገና ማንበብ የጀመራችሁ ትኖራላችሁ። ስለዚህ ማን እንደሆንን እንናገር። አምስት ነን። ሦስታችን ወንዶች፣ ሁለታችን ሴቶች ነን። ሁላችንም የመንዝ ልጆች ነን። የጓሳ ተለማማጅ ጠባቂዎች እንባላለን። ተለማማጅ ማለት ሥራውን እየሠራ የሚማር ሰው ነው።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኝ ሰፊ ደጋ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይነጣል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። በጓሳ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል። እረኛ ዝናብ ሲመጣ የሚደርበው ጌሳም ከዚሁ ሣር ይሠራል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም እዚያው ይኖራሉ።

ጓሳ የተጠበቀው ዛሬ አይደለም። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ደንብ ይጠበቅ እንደነበር ይነገራል። (ይህ ቃል በሌላ አካባቢ ሌላ ትርጉም አለው። በእኛ ዘንድ ግን የጓሳ መጠበቂያ ደንብ ስም ነው።) መብቱ የአስቦና የጌራ ዘሮች ነበር። እነሱም አባ ቄራና አፈሮ የሚባሉ አለቆች ይመርጣሉ። አለቆቹ ጓሳን ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጉታል። ሲዘጋ ከብት አይገባም፤ ሣር አይታጨድም። ሲከፈት ባለመብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቄሮ ደንብ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጓሳ ተጎድቶ ነበር። ዛሬ ሕዝቡ በሌላ መልክ፣ ኮሚቴ መርጦ ይጠብቀዋል።

እኛ ስንቀጠር ጠባቂ ማለት ዱላ ይዞ ከብት የሚያባርር ሰው ይመስለን ነበር። አንዳችንማ የአጎቱን ሽመል ተውሶ መጥቶ ነበር። የተሰጠን ግን ዱላ አይደለም። ዶማ፣ አካፋ፣ ሲባጎና ደብተር ተሰጠን። ሽመሉ ወደ አጎት ቤት ተመለሰ።

የሚያስተምሩን አንድ ነባር ጠባቂ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ ስለማይወዱ አንጽፈውም። ዕድሜያቸው ስልሳ አልፏል። ፊደል የቆጠሩት በልጅነታቸው፣ በ1970ዎቹ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ማታ ማታ በኩራዝ ይማሩ ነበር። ዛሬም ሲጽፉ ፊደሉን እንደ ድንጋይ አንድ በአንድ ነው የሚያስቀምጡት። አንድም ቀን ግን ሳይጽፉ አይውሉም።

አሁን ወደ ክትሩ እንሂድ።

ከጓሳ ጠርዝ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ቦረቦር አለ። ቦረቦር ማለት ጎርፍ መሬቱን ሰርስሮ የሚያወጣው ስንጥቅ ገደል ነው። ይህኛው ቦረቦር ድሮ መንገድ ነበር። ሰውና ከብት ሲመላለስበት ሣሩ አለቀ። ሣሩ ሲያልቅ አፈሩ ተራቆተ። ዝናብ ሲመጣ ውሃው የተራቆተውን መንገድ ይዞ ወረደ። መንገዱ ቦይ ሆነ። ቦዩ ዓመት ዓመት እየጠለቀ ገደል ሆነ። ሰውና ከብት ደግሞ በገደል መሄድ ስለማይቻል አጠገቡ ሌላ መንገድ አወጣ። ያም ቦይ መሆን ጀምሯል። እናንተ ሠፈር እንዲህ ያለ መንገድ የለም? ነገ ስትወጡ እስቲ እዩ።

ከቦረቦሩ በስተግራ የአንዲት እናት ማሳ አለ። እማማ እንላቸዋለን። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ማሳው ጠባብ ነው። ቦረቦሩ በየክረምቱ አንድ ፈር፣ ሁለት ፈር ይወስድባቸዋል። እማማ ለኮሚቴው ደጋግመው ተናግረዋል። ስለዚህ ቦረቦሩ ይከተር ተባለ። ሥራውም የተለማማጆች መማሪያ እንዲሆን ተወሰነ።

ክትር ጎርፍን ለማብረድ በቦረቦር ውስጥ የሚካብ ግድብ መሰል ካብ ነው። ውሃን አያስቀርም። ውሃው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የተሸከመውን አፈር ከካቡ ጀርባ ይጥላል። አፈሩ እየሞላ ሲሄድ ገደሉ ደረጃ ይሆናል። በደረጃው ላይ ሣር ይበቅላል። በወረቀት ሲጻፍ ይህን ያህል ቀላል ነው።

ክትር የሚሠራው በበጋ ነው። የእኛ መሣሪያ ዘግይቶ ስለደረሰ ሥራውን የጀመርነው ሰኔ ላይ ነው። ይህ የመጀመሪያው ችግር ነበር። ጋሼ ቦታውን አሳዩን፤ በሲባጎ ለኩልን። የቦረቦሩ ስፋት እዚያ ላይ 3 ሜትር ነው። በነጋታው ግን ሩቅ አገር ለቅሶ ተጠሩ። ሲሄዱ እንዲህ አሉን፦

«እስክመለስ ድንጋይ ሰብስቡ። እንዳትክቡ!»

ድንጋይ ሰበሰብን። በባሬላ ተሸክመን አንድ ቀን ሙሉ አጓጓዝን። ድንጋዩ ተራራ አከለ። ታዲያ በሁለተኛው ቀን እጃችንን በላን። «ጋሼ ሲመጡ ሠርተን ብናሳያቸውስ?» አለ አንዳችን። ማን እንደሆነ አንጽፍም፤ ሁላችንም እሺ ብለናልና።

በሁለት ቀን ካብነው። እስከ ደረት የሚደርስ፣ 1 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ካብ ወጣ። አናቱን በጠፍጣፋ ድንጋይ አስተካክለን መካከሉን ትንሽ ከፍ አደረግነው፤ እንዲያምር ብለን። መንገደኛው ሁሉ «እጃችሁ ይባረክ» እያለ አለፈ። እማማ ጠላና ቆሎ ይዘው ወረዱ። «ልጆቼ፣ እድሜ ይስጣችሁ» አሉን። የዚያን ቀን ማታ እያንዳንዳችን በየቤታችን ኩራታችን አይጣል ነበር።

ጋሼ ዓርብ ማታ ተመለሱ። ቅዳሜ ጠዋት ወስደን አሳየናቸው። ዝም ብለው አዩት። ከፊቱ አዩት። ከጀርባው አዩት። ወደ ግራው ጫፍ ሄደው በዱላቸው አፈሩን ነካ ነካ አደረጉት።

«አፍርሱት» አሉ።

«እንዴ ጋሼ!»

«አፍርሱት፤ አብረን እንሠራዋለን።»

አኮረፍን። እጃችን ተልጧል። ጀርባችን ተቆርጧል። ሰው ሁሉ አመስግኖናል። «ነገ እኮ እሑድ ነው፤ ሰኞ እናፍርሰው» ብለን ለመንናቸው። ጋሼ ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። «እሺ፣ ሰኞ በጠዋት» አሉ።

እሑድ ማታ ዝናቡ ከበረዶ ጋር ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ የጎርፉ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሁላችንም በየመኝታችን ስለዚያ ካብ እናስብ እንደነበር በኋላ ስንነጋገር አወቅን።

ሰኞ ሲነጋ ሄድን። ካቡ አብዛኛው ቆሟል። የግራው ጫፍ ግን ወድቋል። ከዚያ ጫፍ በስተግራ የነበረው መሬት የለም። ውሃው በክትሩ ላይ አልሄደም፤ ክትሩን ዞሮት ነው የሄደው። የእማማን ማሳ ጠርዝ በልቶ፣ የበልግ ገብሳቸውን ከነአፈሩ ይዞ ወርዷል። ገብሱ ለአጨዳ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር።

እማማ ከእኛ ቀድመው መጥተዋል። ነጠላቸውን አገልድመው ጠርዙ ላይ ተቀምጠዋል። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለን ነበር።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ውሃው በድሮ መንገዱ ቢሄድልኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ በዓመት ሁለት ፈር ነበር የሚወስድብኝ። እናንተ በአንድ ሌሊት የስንት ዓመቱን ሰጣችሁት።»

ቆይተው ደግሞ «ለዘር ያሰብኩት ከዚህ ጥግ ነበር» አሉ።

ምን ይባላል? አንዳችን «ይቅርታ እማማ» አለች። ሌሎቻችን መሬት መሬት አየን። ጋሼ ግን ቆባቸውን አውልቀው ቀረብ አሉና «ጥፋቱ የኔም ነው። ቅዳሜ አይቼው ነበር። አሁኑኑ አፍርሱ ማለት ሲገባኝ ሰኞ አልኩ» አሉ። እኛ ይህን አልጠበቅንም። አንድ ሽማግሌ በልጆች ፊት እንዲህ ሲሉ ሰምተን አናውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ካቡ ፊት አስቀመጡን። «ፊደል ታውቃላችሁ። እስቲ ይህን አንብቡት። ለምን ፈረሰ?»

«ዝናቡ በዛ» አልን።

«ዝናብ በየዓመቱ ይበዛል። ሌላ።»

ከዚያ አንድ በአንድ እያሳዩ ያስተማሩንን ነው የምንጽፍላችሁ። በአካባቢያችሁ ክትር የምትሠሩ ከሆነ እባካችሁ ይህን ቦታ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ትልቁ ስህተታችን አናቱ ነው። ክትር መካከሉ ዝቅ፣ ሁለት ጎኑ ከፍ ማለት አለበት። ያ ዝቅ ያለው ቦታ ማስተንፈሻ ይባላል። የጎርፉ በር ነው። በር ካልተውክለት ውሃ ራሱ በር ይከፍታል፤ እሱ የሚከፍተው ደግሞ በለስላሳው በኩል ነው። ለስላሳው የእማማ ማሳ ነበር። እኛ መካከሉን ከፍ አድርገን ጎኑን ዝቅ አድርገናል። ማለት ውሃውን በገዛ እጃችን ወደ ማሳው መራነው። ይህን ስንረዳ አንጀታችን ቁርጥ አለ። አስበንበት አይደለም፤ እንዲያምር ብለን እኮ ነው።

ሁለተኛው የካቡ ጫፍ ነው። ካቡ ከቦረቦሩ ግድግዳ ጋር ተጠጋ እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም። በካቡና በአፈሩ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ጋሼ ቅዳሜ በዱላቸው የነኩት ያንን ነው። የክትር ጫፍ በግራም በቀኝም ቢያንስ አንድ ክንድ፣ ማለትም 50 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ወደ ግድግዳው ተቆፍሮ መግባት አለበት። አፈሩ ልል ከሆነ ከዚያም በላይ።

መሠረቱንም አልቆፈርንም። ድንጋዩን በደለል ላይ ነበር የደረደርነው። ድንጋዩም ራሱ ግማሹ ክብ ነው፤ ክብ ድንጋይ ይንከባለላል እንጂ አይያያዝም። ማዕዘን ያለው፣ ረዘም ያለው ድንጋይ ነው የሚፈለገው። ሲካብም የላይኛው ድንጋይ የታችኞቹን ሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ እየረገጠ ይሄዳል። ይህንን እንኳ ቤት የሚሠሩ አባቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። እኛም ሲሠሩ እያየን ነው ያደግነው። ማየትና መሥራት ለየቅል ነው።

ደግሞ ከክትሩ በታች ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ባዶ አፈር ነበር። ከላይ የሚወድቅ ውሃ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጉድጓዱ ወደ ኋላ እየሄደ የካቡን እግር ይበላል። ስለዚህ ውሃው የሚያርፍበት የድንጋይ ንጣፍ ያስፈልጋል።

«አሁንስ ጨረሳችሁ?» አሉ ጋሼ።

«ጨረስን።»

«አልጨረሳችሁም። ውሃው ከየት መጣ?»

ወደ ላይ አየን። ከቦረቦሩ ራስ በላይ ያለው ተዳፋት ሁሉ ውሃውን ወደዚያ ይልካል። ከላይ የሚመጣውን ሳይቀንሱ ከታች መከተር፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መጥረግ ነው አሉን። በሚቀጥሉት ቀናት ክትሩን አልነካነውም፤ የወደቀውን ድንጋይ ብቻ ከቦረቦሩ አወጣን፤ ውሃው በመካከል እንዲሄድ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥተን ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፈርን። ከቦዩ በላይም ሁለት መስመር እርከን ሠራን።

እርከን ልኩን ካልጠበቀ ውሃው ዝቅ ባለው በኩል ተሰብስቦ ይሰብረዋል። ልክ የሚያወጣ መሣሪያ ደግሞ ከገበያ መግዛት አያስፈልግም። ኤ ፍሬም ይባላል። ከባሕር ዛፍ ይሠራል። ሁለት እኩል እንጨት፣ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ያህል፣ ጫፍና ጫፋቸውን እሰሩ። እግራቸውን አራርቁና በመካከል አንድ አግዳሚ እሰሩበት። ከላይ ከማሰሪያው ሲባጎ አንጠልጥሉ፤ በሲባጎው ጫፍ ድንጋይ እሰሩ። ሁለቱን እግሮች መሬት ላይ አቁሙና ሲባጎው አግዳሚውን የነካበትን በከሰል ምልክት አድርጉ። አሁን አዙሩት፦ የግራው እግር በቀኙ ቦታ፣ የቀኙ በግራው ቦታ ይሁን። እንደገና ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መካከል እሱ ነው ልኩ። ሲባጎው በዚያ መካከል ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች በእኩል ከፍታ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። እንግዲህ አንዱን እግር ተክሎ ሌላውን እያዞሩ፣ ችካል እየቸከሉ ተራራውን መዞር ነው። ነፋስ ሲኖር ግን ሲባጎው አይረጋም፤ በጓሳ ደግሞ ነፋስ የሌለበት ሰዓት ጥቂት ነው። ጠዋት በማለዳ ይሠራል።

ቦዩ ግን እንደ እርከኑ ፍጹም ልክ አይሆንም። ውሃው ቀስ ብሎ እንዲሄድ ሲባጎው ከመካከሉ በግማሽ ጣት ያህል ይለቀቃል። መጨረሻውም ሣር ወደያዘ ቦታ ነው። ወደ ሰው ማሳ የሚያፈስ ቦይ ጎርፍን ማስወገድ አይደለም፤ ለጎረቤት መላክ ነው። ይህን ማንም አልነገረንም። ከእማማ በኋላ ራሳችን አወቅነው።

ክትሩን እንደገና የሠራነው ዝናቡ ፋታ በሰጠ ሳምንት ነው። ከፍታው 1 ሜትር ብቻ ሆነ። መሠረቱን አንድ ክንድ ቆፈርን፤ ጫፎቹን በግራ በኩል ሁለት ክንድ አስገባን። መካከሉ ከጎኖቹ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አለ። ከሥሩ 1 ሜትር ተኩል ንጣፍ አነጠፍን። ሁለተኛውን ከበላዩ ካብን፤ የታችኛው ክትር ማስተንፈሻና የላይኛው ክትር እግር በአንድ ልክ እንዲሆኑ አድርገን። አያምርም። መካከሉ የተቀመጡበት ኮርቻ ይመስላል። መንገደኛውም ዘንድሮ አላመሰገነንም።

የእማማ ገብስስ? ይህን ጋሼ አልጠየቁንም። ኮሚቴውም አልጠየቀንም። ከየቤታችን አንድ አንድ ቁና ገብስ አውጥተን ወሰድንላቸው። ከሁላችንም እናቶች ደስ ያላት አልነበረችም። እማማ «ተዉት፣ ምን በወጣችሁ» ይሉናል ብለን ነበር። አላሉም። ቁናቸውን አምጥተው አንድ በአንድ ሰፈሩት። የአንዳችን ጎደለ። «ይህ ልክ አይደለም፤ ሙሉ አድርገህ አምጣ» ብለው መለሱት። በነጋታው ሞልቶ መጣ። ያን ጊዜ ጠላ ቀዱልን።

አሁን ደግሞ ስለ ደብተሩ።

ጠባቂ ከተሰማራበት ሲመለስ ይጽፋል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የታየው ነገር፣ የተደረገው ነገር፣ ፊርማ። ይኸው ነው። አንዳንዱ «ያየሁትን በቃል ብናገርስ?» ይላል። አንድ ምሳሌ እንስጥ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ያሉትም 500 ገደማ ብቻ እንደሆኑ ይገመታል። ከምንም በላይ የሚፈጃቸው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮ ገድሏል። ጠባቂ የሞተ ቀበሮ ካገኘ በባዶ እጁ አይነካም። ቦታውንና ሰዓቱን ጽፎ በፍጥነት ያሳውቃል። «ባለፈው ሰሞን እዚያ ማዶ አንድ የሞተ አየሁ» ቢል ግን ማን ምን ያደርግበታል? ሐኪሙ የትኛው ማዶ ይሂድ? የየትኛው መንደር ውሾች ይከተቡ?

(ይህ ለሰውም ነው። የሚያጠራጥር ውሻ ወይም ቀበሮ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እስኪያም መጠበቅ የለም። በሽታው ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም።)

እንግዲህ የክትሩ ነገርም በደብተር መጻፍ ነበረበት። ደብተሩን በወር አንድ ጊዜ ኮሚቴው ያነበዋል። ልምምዳችንን ያላለፈ ይሰናበታል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አንዳችን ብዕሩን ያዘና «ክትር ቁጥር 1 በከባድ ዝናብ ምክንያት ፈረሰ» ብሎ ጻፈ። ሐሰት አይደለም፤ ዝናቡ ከባድ ነበር። ሌላዋ «እንደሱ አይባልም» አለች። ተከራከርን። ድምፃችን ከፍ ብሎ ጋሼ ወጡ። ወረቀቱን አነበቡት። ጣታቸውን በቃሉ ላይ እያስኬዱ ነው የሚያነቡት።

«ይህን የሚያነብ ሰው በሚመጣው ዓመት ምን ያደርጋል?» አሉ።

አሰብን። የሚያነበው ሰው ዝናቡን ይረግማል። ከዚያ እንደኛው አድርጎ ይክባል።

ያን ገጽ ሰረዝነውና እንዲህ ጻፍን፦ «ክትር ቁጥር 1 ፈረሰ። ማስተንፈሻ የለውም። ጫፉ ወደ ግድግዳው አልገባም። ጠብቁ ተብለን ሳንጠብቅ ሠራነው። የአንዲት እናት ማሳ 8 ፈር ተወሰደ።» አምስታችንም ፈረምን። ጋሼ ከሥሩ «እኔም ቅዳሜ አይቼ አላስፈረስኩም» ብለው ጨመሩና ፈረሙ።

ኮሚቴው አነበበው። አንድ ሽማግሌ «ይህን የጻፈው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ቆምን። ብዙ ተነጋገሩ፤ እኛን ውጭ አስቀመጡን። በመጨረሻ የማናችንም ስም አልተሰረዘም። ልምምዳችን ግን በ2 ወር ተራዘመ። ያለ ሙሉ ደመወዝ ሁለት ወር ቀላል አይደለም። አንዳችን ዛሬም ቅር እንዳለው ነው፤ «ዝናቡን ብንጽፍ ኖሮ» ይላል። እንዲህ ማለቱን እንጽፍ ወይ ብለን ጠየቅነው፤ ጻፉ አለን።

ነሐሴ ላይ ሌላ ከባድ ዝናብ ጣለ። እየዘነበ ጌሳ ደርበን ሄድን፤ ማየት ነበረብን። ጎርፉ በኮርቻው መካከል ወጣ፣ ንጣፉ ላይ ወደቀ፣ አረፋ ደፍቆ ሄደ። ጎኖቹ ደረቅ ነበሩ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ከክትሩ ጀርባ የተጠራቀመውን አፈር በዱላ ለካነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። እዚያ ላይ የሣር ጉንቁል ተክለናል። ስንቱ እንደሚይዝ ገና አልታወቀም።

በዚያው ሰሞን እማማ ጠሩን። «ስለኔ በደብተር ጽፋችኋል አሉ። አንብቡልኝ» አሉ። አመጣንና አነበብንላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «8 ፈር ተወሰደ» የሚለው ላይ ስንደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ዘጠኝ ነው» አሉ።

አብረናቸው ወርደን ቆጠርን። ዘጠኝ ነበር። 8ቱን ሰርዘን 9 ብለን ጻፍን፤ ከጎኑም ፈረምን።